የተወደደው ልጅ ድርሻ

ሽማግሌው፦ እናት አታዳላም። እኔ የማውቀው ይህንን ነው።

ጠበቃዋ፦ ቢሮዬ ከሚመጡት እናቶች ሁሉ የምሰማውም ይህንኑ ነው፣ አባባ። «ሁሉም ልጆቼ ናቸው፤ አንዱን ካንዱ አላበላልጥም» ይሉኛል። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ቤቱን ግን ለእገሌ አድርጊልኝ» ይላሉ።

ሽማግሌው፦ ቤት ሌላ፣ ፍቅር ሌላ።

ጠበቃዋ፦ ለእናትየው ሌላ ይሆን ይሆናል። ኑዛዜው ሲከፈት ለሚሰሙት ልጆች ግን አንድ ነው።

ሽማግሌው፦ ሕጉስ ምን ይላል? ይከለክላታል?

ጠበቃዋ፦ እዚህ አገር አይከለክላትም። የ1965 እ.ኤ.አ. የእስራኤል የውርስ ሕግ ተናዛዡን ነጻ አድርጎታል። ኑዛዜ ከሌለ ልጆች እኩል ይካፈላሉ፤ ኑዛዜ ካለ ግን ሰው ያለውን ለወደደው ይሰጣል። ለምን ብሎ የሚጠይቀው ዳኛ የለም። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው «ለምን» የሚል መጥፋቱ ነው።

ሽማግሌው፦ እስቲ ነገሩን አምጪው። ስም ሳትጠሪ።

ጠበቃዋ፦ ቂርያት መናሔም ሰፈር ያለ ቤት ነው፣ በማሽካንታ፣ በባንክ ብድር የተገዛ። እናትየው ባሏ ሞቶባታል። ሴት ልጇ ሥራ ከያዘች ጀምሮ ዕዳውን በየወሩ ስትከፍል ኖራለች። እናቷን ኩፓት ሆሊም ሐኪም ቤት የምታመላልሳት እሷ ናት፤ ከቢቱዋኽ ሌኡሚ፣ ከብሔራዊ መድን የሚመጣውን ደብዳቤ የምታነብላትም እሷ። ወንድ ልጇ ጎንደር ቀርቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የመጣው። አሁን እናትየው ቤቱን ሙሉውን ለእሱ ልትጽፍ ነው። ለልጅቷ አልነገረቻትም። እኔንም «አደራ፣ እንዳትሰማ» ብላኛለች።

ሽማግሌው፦ ይህ ማዳላት አይደለም። ዕዳ ነው።

ጠበቃዋ፦ የምን ዕዳ?

ሽማግሌው፦ አንቺ እዚህ ተወልደሽ አይገባሽም ብዬ አልንቅሽም፤ ግን ስሚኝ። እኛ ከኢትዮጵያ በሱዳን በኩል ወደዚህ ስንወጣ ሌሊት ሌሊት ነበር የምንሄደው። በመንገድና በመጠለያው ያለቀው ሰው 4,000 ገደማ ነው ይባላል፤ መታሰቢያው እዚሁ ሄርዝል ተራራ ላይ ቆሟል፣ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን እንሄዳለን። እዚያ ቆመሽ እናቶቹን አይተሻቸዋል? ስድስት ልጅ አሳድጋ፣ አግብተው ወልደው፣ እሷ የምታለቅሰው ኡም ራኩባ መጠለያ ለቀረው ለአንዱ ነው። በሕይወት ያሉት ስድስቱ ዣንጥላ ይዘውላት ቆመዋል። በዘመቻ ሰሎሞንም እንዲሁ ነው። በ36 ሰዓት ከ14,000 በላይ ሰው መጣ ተብሎ ተጨበጨበ። ሌላው ሰው የመጣውን ቆጠረ፤ እናት ግን የቀረውን ነው የምትቆጥር። ለዚያኛው ልጅ ገንዘብ ትልካለች፣ በስሙ ትጾማለች። አንድ ቀን በቤን ጉሪዮን በር ሲወጣ ደግሞ ጎልማሳ ሆኗል፤ እሷ የምታየው ግን ትታው የሄደችውን ሕፃን ነው። ይህችን ሴት «አዳላሽ» ትያታለሽ?

ጠበቃዋ፦ አልላትም። ዕዳ ነው ካሉም እሺ፣ ዕዳ ይሁን። ግን የማን ዕዳ ነው? የእናትየው። የሚከፈለው ደግሞ ከማን ኪስ ነው? ከልጅቷ።

ሽማግሌው፦ ይህ የጠበቃ አነጋገር ነው።

ጠበቃዋ፦ ሂሳብ ነው፣ አባባ። ደግሞ ልጅቷም የቀረች ልጅ ናት እኮ። እዚህ ስትመጣ ዕብራይስጡን ከእናቷ ቀድማ ያዘች፤ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ባንክ ቤት ገብታ ስለ እናቷ ገንዘብ ታስረዳ ነበር፣ ሐኪም ፊት ቆማ የእናቷን የማሕፀን ሕመም ትተረጉም ነበር። የዚያ ዘመን ልጆች ገሚሱ ፕኒሚያ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ተልኮ ከቤት ራቀ፣ ገሚሱ ደግሞ እንደዚህች ልጅ ቤት ቀርቶ የእናቱ እናት ሆነ። እናት እናቷን አትናፍቅም፤ የምትናፍቀው ልጇን ነው። ለዚህ ነው ልጅቷ ያልተወደደችው። ሁሉን ስለሠራች።

ሽማግሌው፦ አልተወደደችም ብለሽ በምን አወቅሽ?

ጠበቃዋ፦ ቤቱን በማጣቷ።

ሽማግሌው፦ አየሽ፣ ዞረሽ ዞረሽ ቤት ጋ ትመጫለሽ። እኛ ከአገራችን ይዘን የመጣነው ኦሪትን ነው፤ ኦሪት ስለዚህ ነገር ያለውን ታውቂያለሽ? ዘዳግም ምዕራፍ 21። ሰውየው ሁለት ሚስት አለው፣ አንዷን ይወዳታል፣ አንዷን ይጠላታል። በኩሩ ከተጠላችው ቢወለድ፣ የወደዳትን ልጅ በኩር ማድረግ አይችልም፤ እጥፍ ድርሻው የተጠላችው ልጅ ነው። ልብ በይ፤ «ሁለቱንም እኩል ውደድ» አላለውም። ፍቅሩን ለልቡ ተወለት፣ ድርሻውን ነው ያሰረበት።

ጠበቃዋ፦ ታዲያ ከእኔ ጋር ነው የቆሙት!

ሽማግሌው፦ አልቆምኩም። እኔ የምለው ልብን አትክሰሺ ነው። አንቺ ገና ከመጀመሪያው የከሰስሽው የእናትየውን ልብ ነው። «አዳላች» አልሽ። ድርሻው ላይ ብቻ ብትናገሪ ኖሮ እኔም ዝም ባልኩ።

ጠበቃዋ፦ ልብ መቼ በልብ ብቻ ይቀራል? ያዕቆብ ዮሴፍን መውደዱን ወንድሞቹ ልቡን ከፍተው አላዩም፤ ቀሚሱን ነው ያዩት። የታልሙድ ሊቃውንትም የያዙት እሱን ነው፤ ሻባት በሚባለው ክፍል ውስጥ አለ። ሰው ከልጆቹ መካከል አንዱን አይለይ፤ ሁለት ሰላዕ በምትመዝን ጨርቅ የተነሳ ወንድማማቾች ተቀናንተው አባቶቻችን ግብፅ ወረዱ ይላሉ። አንዲት ቁራጭ ጨርቅ፣ አባባ! ይኼኛው ደግሞ ሦስት ክፍል ቤት ነው።

ሽማግሌው፦ እኛ ታልሙድ አናውቅም ነበር፤ ይህችን ቃል የልጅ ልጄ ነው ከትምህርት ቤት አምጥቶ ያነበበልኝ። እኔም ጠየቅሁት፤ ወንድሞቹን ያስቀናቸው ጨርቁ ነው ወይስ የዮሴፍ አፍ? ሕልሙን እየዞረ ባያወራ ኖሮ ጨርቁን ይረሱት ነበር። የተወደደ ልጅ ዝም ማለት ካወቀ ቤት አይፈርስም።

ጠበቃዋ፦ ታዲያ ጥፋቱ የተወደደው ልጅ ሆነ?

ሽማግሌው፦ ከፊሉ። ደግሞ ሌላም ነገር ልንገርሽ። ይስሐቅ ዔሳውን የወደደው ካደነው ስለሚበላ ነው ይላል ኦሪት። ርብቃ ግን ያዕቆብን ትወድ ነበር ይላል፣ አለቀ። የአባትየውን ምክንያት ጻፈ፣ የእናትየውን አልጻፈም። የእናት ፍቅር ምክንያቱ አይጻፍም።

ጠበቃዋ፦ ያልተጻፈው ምክንያት ግን የፍየል ጠጉር ሆኖ በያዕቆብ እጅ ላይ ተለጠፈ፣ ዕውሩን አባት አታለለ፣ ልጁንም አገር አስጥሎ አሰደደ። ርብቃ ያዕቆብን ዳግመኛ ማየቷ የትም አልተጻፈም። በስውር የሚሠራ ፍቅር የወደደውንም አይምርም።

ሽማግሌው፦ አሁን ጥሩ ተናገርሽ። ቢሆንም በዚህ በኢየሩሳሌም መንገድ በግራና በቀኝ ያሉትን ቤቶች እያቸው። የሐበሻ ነገሥታትና መኳንንት አሠርተው ለገዳሙ የሰጧቸው ናቸው፤ ኪራዩ መነኮሳቱን ያኖራል። ያቺ ክቧ ቤተ ክርስቲያን፣ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ደግሞ አፄ ዮሐንስ አስጀምረዋት አፄ ምኒልክ ያስፈጸሟት ናት፤ አባትና ልጅ ሳይሆኑ። ለልጅ ያልተሰጠ ቤት ጠብ የለበትም።

ጠበቃዋ፦ የዴር ሱልጣን ገዳምስ? ግብጾቹም ኢትዮጵያውያኑም የማርቆስ መንበር ልጆች ነን ይላሉ። በ1970 እ.ኤ.አ. በፋሲካ ሌሊት ቁልፉ ተለወጠ፤ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ መንግሥት ኮሚቴ አቋቋመ፣ እስከ ዛሬ አልተቋጨም። ለእግዜር የተሰጠውም ከጠብ አልዳነም።

ሽማግሌው፦ እሱን ተይው፤ በእሱ ላይ እኔም አንቺም ዳኛ አይደለንም።

ጠበቃዋ፦ እሺ፣ ወደ ሰው ልመለስ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ከተሸነፉ በኋላ ኢየሩሳሌም ሲገቡ ኪንግ ዴቪድ ሆቴል ነበር ያረፉት። አልጋ ወራሹ አስፋ ወሰንም፣ የሐረሩ መስፍን መኮንንም አብረው ነበሩ። በሁለቱ መካከል ከሰባት ዓመት በላይ ልዩነት አለ። አባትየው ታናሹን አብልጠው እንደሚወዱ የዘመኑ ሰዎችም ታሪክ ጸሐፊዎችም ደጋግመው ተናግረዋል። መጨረሻውን እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል።

ሽማግሌው፦ የታኅሣሡን ግርግር ማለትሽ ነው? ያኔ ልጅ ነበርኩ። በእኛ አገር ሬድዮ ያለው ጥቂት ሰው ነው፤ ወሬው ግን ደረሰ። ንጉሡ ብራዚል ሳሉ የክብር ዘበኛ ተነሣ፣ አልጋ ወራሹ የአመፀኞቹን መግለጫ በሬድዮ አነበቡ ተባለ። ጃንሆይ ተመለሱ፣ ልጅየውም ተገድጄ ነው አሉ።

ጠበቃዋ፦ ያ በ1953 ዓ.ም. ነው። መኮንን በመኪና አደጋ ከሞተ ሦስት ዓመት አልፎ ነበር። የተወደደው ልጅ ተቀብሯል፣ በአባትና በበኩር መካከል ያለው ቅዝቃዜ ግን አልተቀበረም። አስፋ ወሰን ያኔ ዕድሜው አርባ አልፏል፤ ስሙ አልጋ ወራሽ፣ ሥልጣኑ ግን ስም ብቻ። ያልታመነ ልጅ መሣሪያ የያዘ ሰው ወረቀት ሲሰጠው ያነባል።

ሽማግሌው፦ ቆይ፣ ቆይ። እዚህ ላይ አልለቅሽም። ጃንሆይ ሥልጣን ለማን አካፈሉ? ለማንም። ለመኮንንም ቢሆን አላካፈሉም። አልጋውስ? የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ታላቅ ከታናሽ ይቀድማል ብሎ አጽንቶት ነበር፤ ያንን ያወጁት አባትየው ራሳቸው ናቸው። ይኸውልሽ፣ ልባቸው ወደ ታናሹ፣ ድርሻው ለታላቁ። ልክ እንደ ኦሪቱ። ከዚህ በላይ አባት ምን ያድርግ? አንቺ ግን የአንድ አገር ግርግር በሙሉ ከአንድ አባት ፍቅር ልትመዢው ትፈልጊያለሽ። ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የተነሣው መኮንን ተወደደ ብሎ አይደለም።

ጠበቃዋ፦ ግርግሩን አላልኩም። ልጁ ግርግሩ መካከል የተገኘበትን ሁኔታ ነው ያልኩት።

ሽማግሌው፦ በመሣሪያ ተገድዶ ነው ያነበበው ካልሽ ደግሞ የተወደደም ልጅ በዚያች ሰዓት ያነባል። ደግሞ ከዚያ ቤት ልጆች ልቤን የሚበላኝ አልጋ ወራሹ አይደሉም። ልዕልት ሮማነወርቅ ናት፤ ጃንሆይ እቴጌ መነንን ከማግባታቸው በፊት የተወለደችላቸው። ወንድሞቿ እዚህ ሲደርሱ እሷ ባሏ ደጃዝማች በየነ መርዕድ ከሚዋጋበት አገር ቀረች። ባሏ ተገደለ፣ እሷን ከነልጆቿ ጣሊያን ወሰዷት፣ እዚያው ሞተች። ማንም «ይህችኛዋ ተወደደች፣ አልተወደደችም» ብሎ አልጻፈላትም። የተወደደውና ያልተወደደው ሲጣሉ የሚረሳ ሦስተኛ ልጅ አለ።

ጠበቃዋ፦ ይህንን አላሰብኩትም ነበር።

ሽማግሌው፦ አስቢው። የአንቺ ሴትዮ ሌላ ልጅ የላትም?

ጠበቃዋ፦ አላት። አሽዶድ የሚኖር። እሱን ማንም አላነሳልኝም።

ሽማግሌው፦ እህ።

ጠበቃዋ፦ ግን ከዚህ አያምልጡኝ። ቦስተን አካባቢ ጂል ሱይተርና ካርል ፒለመር የሚባሉ ተመራማሪዎች ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ500 በላይ እናቶችን ከጎልማሳ ልጆቻቸው ጋር ተከታትለዋል። አብዛኞቹ እናቶች «ይህኛው ይቀርበኛል» ብለው አንዱን ለይተው ነግረዋቸዋል። ለተመራማሪ ይነገራል፣ ለልጅ አይነገርም ማለት ነው።

ሽማግሌው፦ ልጆቹስ አወቁት?

ጠበቃዋ፦ ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ። ያልሆነውን ልጅ ይጠቅሳሉ።

ሽማግሌው፦ እኔ ምን አልኩ! ልጆች ሌት ተቀን የሚቆጥሩት ቂም ከእናታቸው ልብ ጋር አይገናኝም። የራሳቸውን ቅናት ነው የሚቆጥሩት። ስንቱን እኔ አስታርቄያለሁ፤ ታላቅ «ታናሼን ነው የምትወደው» ይላል፣ ታናሽ «ታላቄን ነው» ይላል፣ እናትየው መካከል ተቀምጣ ታለቅሳለች።

ጠበቃዋ፦ እኔ ደግሞ ከዚያው ተቃራኒውን ነው የማነበው። የሚሳሳቱት ማንም ስለማይነግራቸው ነው። ዝምታውን ልጁ በራሱ ክፉ ሐሳብ ይሞላዋል። ሎሪ ክሬመር የምትባል ተመራማሪ ደግሞ ባልደረባዋን ይዛ ልጆችን ስትጠይቅ ያገኘችው ይህንን ነው፤ ወላጅ አንዱን ከሌላው ለይቶ መያዙ ብቻውን አይደለም የሚጎዳቸው። ምክንያቱን ተረድተው «ልክ ነው» ካሉ ልዩነቱ ያን ያህል አያሻክራቸውም። ታናሽ ወንድሙ ታሞ እናቱ አጠገቡ ብታድር የሚቀየም ልጅ ጥቂት ነው።

ሽማግሌው፦ ስለዚህ እናትየው ትናገር ነው የምትይው።

ጠበቃዋ፦ ትናገር። በሕይወት ሳለች፣ ልጆቿ ፊት። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ የ1952 ዓ.ም.ቱ፣ ወደዚህ ይጠጋል። ልጆች በውርስ እኩል ናቸው፤ ወላጅ ልጁን ከውርስ ልንቀል ካለ ደግሞ ምክንያቱን በኑዛዜው ላይ መጻፍ አለበት። ካልጻፈ መንቀሉ አይጸናም። እዚህ አገር ሞቶ ዝም ማለት ይቻላል፤ እዚያ ግን ሙትም ቢሆን ምላሽ አለበት።

ሽማግሌው፦ የተጻፈው ምክንያት ውሸት ቢሆንስ? ዳኛው ያጣራል?

ጠበቃዋ፦ ምክንያቱ ለመንቀል የሚበቃ መሆን አለመሆኑን ያያል። እውነት ነው ወይ ብሎ ግን አያጣራም፤ እውነት ተብሎ ይወሰዳል።

ሽማግሌው፦ አይ የእኔ ልጅ! ይህን ነው ለዚያች ምስኪን ልጅ የምትመኚላት? እናቷ ሞታ ወረቀት ይከፈታል፣ «ልጄ እንዲህና እንዲያ ስላደረገችኝ» ይላል፣ ውሸት ነው የምትልበት ዳኛ የላትም። ሕይወቷን ሙሉ የሰው ደብዳቤ ስታነብ ኖራ መጨረሻ ላይ ይህንን ታነባለች። ዝምታ ይሻላታል። እናቷ ዝም ካለች ቢያንስ «ግራ ገብቷት ነው፣ አርጅታ ነው፣ ወንድሜ አስገድዷት ነው» እያለች መኖር ትችላለች።

ጠበቃዋ፦ ወንድሜ አስገድዷት ነው ብላ መኖር! እሱን ነው እኮ የምልዎት። ዝምታው ለእናትየው መሸፈኛ ሆነ፣ የሚቃጠለው ወንድሟ ነው። ቤቱን ወስዶ እህቱን አጣ። ጎንደር ሲጠብቅ በኖረበት ዘመን ሁሉ የናፈቃት እህቱን። እሱስ ይህን ስጦታ ይፈልገዋል? ማንም አልጠየቀውም። የተወደደ ልጅ ምንጊዜም አይጠየቅም።

ሽማግሌው፦ አንቺ አየሽው? ልጁን?

ጠበቃዋ፦ አንድ ቀን እናቱን አምጥቷት በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ። ጫማውን ጠርጎ ነበር የቆመው፣ እንደ እንግዳ።

ሽማግሌው፦ እንደ እንግዳ… ለእሱ ቤት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው እንግዲህ። እህቱ እዚህ አገር ሥራም ቋንቋም አላት። እሱ ያለው የእናቱ ቤት ብቻ ነው። ይህንን ምክንያት ብትነግራት ልጅቷ አትቀበልም ነበር ትያለሽ?

ጠበቃዋ፦ ትቀበል ይሆናል። ምናልባት እሷው «ይሁን» ብላ ትፈርም ነበር። ያለፈቃዷ ሲወሰድባት ነው የሚመርራት።

ሽማግሌው፦ አይደለም። እናት ፊት ለፊት «ለእሱ ነው የምሰጠው፣ አንቺ ጎበዝ ስለሆንሽ» ካለቻት፣ ጉብዝናዋን ቅጣት ታደርግባታለች። ይህን ቃል እኔ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፣ ከሌላ ቤት። ልጅየው እስከ ዛሬ ለእናቱ ዝክር አይመጣም። እውነት ነበር የነገረችው፤ እውነቱ ነው የገደለው።

ጠበቃዋ፦ ታዲያ ምን ይሁን? ልጻፍላት ወይስ አልጻፍ?

ሽማግሌው፦ ገና አትጻፊ። መጀመሪያ እኔን ከሁለት ሽማግሌ ጋር ቤቷ አስጠሪኝ። ሦስቱም ልጆች ይምጡ፣ የአሽዶዱም ጭምር። እናትየው ግን አንድ ቃል አትናገር፤ የምናገረው እኔ ነኝ። ልጅቷ የከፈለችው ይቆጠርላት፣ ወንድየው የሚያድርበት አይጣ፣ ሦስተኛውም ስሙ ይነሳ እላለሁ። የሚያስቀይም ነገር ካለ ከእኔ አፍ ይውጣ።

ጠበቃዋ፦ የእርስዎ ቃል የእናት ቃል አይሆንም፣ አባባ። «እሷ ይህን አላለችም» ሊሉ ይችላሉ።

ሽማግሌው፦ ሊሉ ስለሚችሉ ነው የሚታረቁት።

ጠበቃዋ፦ ከዓመት በኋላ ተመልሰው ወደ ቢሮዬ የሚመጡትም ለዚሁ ነው።